የመቅደላ ጨለማ ከየት መጣ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለንደን ውስጥ፣ አሮጌ ካርታና የጋዜጣ ሥዕል ከሚሸጥበት አንድ ጠባብ ሱቅ፣ የመቅደላን አምባ የሚያሳይ ገጽ ገዛሁ። እ.ኤ.አ. በ1868 ይታተሙ ከነበሩት የእንግሊዝ ሥዕላዊ ጋዜጦች ከአንዱ የተቆረጠ ነው። ከየትኛው እንደሆነ ገጹ አይናገርም፤ ነጋዴው ለፍሬም እንዲመች ብሎ ኅዳጉን ከነጋዜጣው ስም ከርክሞታል። ሥዕሉ በጥቁርና በነጭ ብቻ የተሠራ ነው። ከፊት ጥቁር ቋጥኝ ተጋርጧል። መሐል ላይ ጉንዳን የሚያህሉ ወታደሮች ተሰልፈው ይጓዛሉ። ከበስተኋላ አምባው እንደ ጠቆረ ግንብ ቆሟል፣ ሰማዩ በደመና ተጨናንቋል፣ ከአምባው ትከሻ ጀርባ ብቻ ነጭ ብርሃን ሾልኮ ይታያል። ሳሎኔ ውስጥ ሰቀልኩት። የመጣ እንግዳ ሁሉ እፊቱ ይቆማል፤ ልቅሶ ቤት የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

አንድ ወዳጄ ስለ አፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዓመታት የጻፈውን መጽሐፍ ጨርሶ ለማተሚያ ቤት ሊሰጥ ሲሰናዳ፣ ይህንኑ ገጽ ለሽፋን እንዳውሰው ጠየቀኝ። «ያን ዘመን ከዚህ የበለጠ የሚገልጸው የለም» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ከግድግዳው አወረድኩት። መስተዋቱን አውልቄ አቧራውን ስጠርግ ግን ሥዕሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅርብ አየሁት፤ ያየሁትም ነገር ሰላም ነሣኝ። ከዚያ ወዲህ እኔና ወዳጄ ስንከራከር ከረምን። ይህ ጽሑፍ የእኔ ወገን ክርክር ነው። እሱ መልስ እንደሚጽፍ ከወዲሁ ዝቶብኛል።

ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። በዚያ ሥዕል ላይ ያለው የአምባው ቅርጽ ከመቅደላ የመጣ ሊሆን ይችላል። ጨለማው ግን ለንደን ውስጥ፣ ኢትዮጵያን በዓይናቸው ባላዩ ሠራተኞች እጅ የተቀረጸ ነው። እኛ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይተን ያንን ጨለማ የራሳችን ትዝታ አድርገን በየመጽሐፋችን ሽፋንና በየሳሎናችን ሰቅለነዋል።

ይህን ስል ሠዓሊ ነኝ ብዬ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ ለሁለት ክረምት የሥዕል ትምህርት ተከታትያለሁ፤ ከዚያ የተረፈኝ ከሰል ይዞ መሞነጫጨር ነው። አስተማሪያችን በመስመር እንድንጀምር አይፈቅዱልንም ነበር። «ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ፤ ዝርዝሩ ሲጠፋ የሚቀረው ጨለማና ብርሃን ነው፤ መጀመሪያ እሱን አስቀምጡ» ይሉን ነበር። ወረቀታችን ጥግ ላይ ከነጭ እስከ ጥቁር አምስት ሳጥን ያስደረድሩናል። የምናየው ነገር ሁሉ ከአምስቱ በአንዱ መግባት አለበት። እኔ ይህን እርከን የቃና ደረጃ እለዋለሁ። በቀለም ሥዕል ላይ ቀዩም ሰማያዊውም አረንጓዴውም ሥራውን ይካፈላሉ። በጥቁርና ነጭ ሥዕል ግን ሰዓቱን፣ የአየሩን ጠባይ፣ ርቀቱን፣ ፍርሃቱንም ሆነ ሰላሙን የሚነግረን ይኸው የቃና ደረጃ ብቻ ነው። ወረቀቱ በጨለማዎቹ ሁለት ሳጥኖች ከተሞላና ትንሽ ነጭ ከተረፈ ተመልካቹን ፍርሃት ይይዘዋል። በብርሃኖቹ ከተሞላና ጥቁሩ እዚህም እዚያም እንደ ጥቁር አዝሙድ ከተነሰነሰ ደግሞ ይረጋጋል። መስመሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ጋዜጦቹ ልመለስ። «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» እ.ኤ.አ. ከ1842 ጀምሮ የሚታተም ሳምንታዊ ሥዕላዊ ጋዜጣ ነበር። ለመቅደላው ዘመቻ ዊልያም ሲምፕሰን የተባለውን ስኮትላንዳዊ ሠዓሊ ላከ። ሲምፕሰን ተራ ሰው አልነበረም፤ በክራይሚያ ጦርነት ሥዕሎቹ ስሙ የታወቀ፣ ሕንድን የዞረ፣ ዓይኑም እጁም የሠለጠነ ሰው ነው። የኢትዮጵያ የጉዞ ማስታወሻውን ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል። ከሠራዊቱ ጋር የነበሩ መኮንኖችም ንድፍ ይሠሩ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው ዘመቻ ላይ ሆኖ የሚሠራው የተጠናቀቀ ሥዕል አይደለም። በእርሳስ ፈጠን ፈጠን ብሎ ይነድፋል፤ ጊዜ ሲያጥረው ጥላውን በመሳል ፈንታ እዚህ ጨለማ ነው፣ እዚህ ዛፍ አለ ብሎ በጽሑፍ ያመለክታል። ወረቀቱ ወደ ቀይ ባሕር ይወርዳል፣ በመርከብ ስዊዝ ይደርሳል፣ ቦዩ ገና ስላልተከፈተ (የተከፈተው በ1869 ነው) ግብፅን በየብስ ያቋርጣል፣ ከዚያ እንደገና መርከብ። ለንደን ሲገባ ሳምንታት አልፈውታል።

ለንደን ላይ ሥራው ሌላ ሰው እጅ ይገባል። ማተሚያው ቦክስዉድ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የተሠራ ሰሌዳ ነው። ዛፉ ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ሰሌዳ አይወጣውም፤ ስለዚህ ትናንሽ ቁራጮች ተጋጥመው ከጀርባ በብሎን ይታሰራሉ። አንድ ሠራተኛ የመጣውን ንድፍ ነጭ በተቀባው እንጨት ላይ ገልብጦ ይስለዋል። ከዚያ ብሎኑ ይፈታና ቁራጮቹ ለተለያዩ ቀራጮች ይታደላሉ። አንዱ ሰማይ ይደርሰዋል፣ አንዱ ቋጥኝ፣ አንዱ ሰው። ጋዜጣ አይጠብቅምና ሲቀርጹ ያድራሉ፤ ቁራጮቹ ሲያልቁ ተመልሰው ይታሰራሉ።

ልብ በሉ፣ ቀራጩ ግራጫ ቀለም የለውም። ማተሚያው የሚያውቀው አንድ ጥቁር ቀለም ነው፤ ወይ ወረቀቱ ላይ ያርፋል ወይ አያርፍም። ግራጫ የሚወለደው ከመስመር ነው። መስመሩ ከጠበቀ ይጨልማል፣ ከሳሳ ይበራል። ይህን ጥበብ ያነሣሣው የኒውካስሉ ቶማስ ቢዊክ (1753–1828) አንድ ዘዴ ነበረው። ሩቅ ያለው ዛፍ ወይም ኮረብታ ደብዘዝ እንዲል ከፈለገ እንጨቱን በዚያ ቦታ ላይ በጥቂቱ ይፍቀዋል፤ ዝቅ ያለው ቦታ ከወረቀቱ ጋር ጠበቅ ብሎ ስለማይገናኝ ፈዞ ይታተማል። ርቀትን በመፋቅ ይሠራ ነበር ማለት ነው! ይህን መጀመሪያ ያወቅሁ ቀን ሥዕሌ ፊት ቁጭ ብዬ ብዙ ሰዓት አጠፋሁ፤ የትኛው ተራራ ከእውነት ሩቅ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ቢላዋ ብቻ እንዳራቀው ለመለየት።

ሰላም የነሣኝን ነገር አሁን ልናገር። መስተዋቱን አውልቄ በማጉያ ሳየው፣ ከላይ እስከ ታች ሥዕሉን የሚሰነጥቅ ፀጉር የሚያህል ነጭ መስመር አገኘሁ። ሁለቱ ቁራጭ እንጨቶች የተጋጠሙበት ነው። ከመስመሩ በስተግራ ያለው ሰማይ ከቀኙ በግማሽ ደረጃ ይነጣል፤ ሁለት እጅ እንደቀረጸው በግልጽ ያስታውቃል። ይህስ ባልከፋ። በስተግራ ያሉት ወታደሮች ጥላቸው ወደ ቀኝ ወድቋል፤ ስለዚህ ፀሐይዋ በግራ ናት። ከመስመሩ በስተቀኝ ያለው የአምባው ገደል ግን ፊቱ ድቅድቅ ጥቁር ሆኖ ብርሃኑ ከጀርባው ነው የሚመጣው። አንድ ሥዕል፣ ሁለት ፀሐይ። እኔ በዚያ ብርሃን ስንት ዓመት ስተክዝ ኖሬያለሁ!

የመቅደላ ፀሐይ ምን እንደምትመስል መገመት አያስቸግርም። አምባው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛል። በሚያዝያ መጀመሪያ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል። አፄ ቴዎድሮስ በሞቱበት ዕለት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 13 ቀን 1868)፣ ሁለት ሜትር ጦር እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብሎ ቢተከል፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ቢሆን፣ ጥላው አሥር ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም ነበር። ከፍታው ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ጥርት ባለ ቀን የሩቁ ተራራ እንደ ለንደን ጭስ ውስጥ ገብቶ አይጠፋም፣ ሸንተረሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በእርግጥ ወቅቱ በልግ ነው፤ ደመናም ጉምም ይኖራል። እንዲያም ሆኖ በቀትር ብርሃን የሚስል ሰው የሚይዘው ጥላ ያጣል። ቅርጽ የሚወጣው በጥላ ስለሆነ፣ ወይ እስኪመሽ ይጠብቃል፣ ወይ መስመሩን ብቻ ልኮ ጥላውን ለንደን ያሉት እንዲሞሉት ይተወዋል።

እናም አንድ ቅዳሜ ከሰሌን አውጥቼ ያንን ሥዕል ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት። መስመሩ አንድ ነው፤ በስስ ወረቀት አስተላልፌ ስለነደፍኩት በፀጉር እንኳ አይለያይም። የመጀመሪያውን እንደ ጋዜጣው አጨለምኩት። ሁለተኛውን ግን በመቅደላ ቀትር ልሥራው አልኩ። ሰማዩን ነጭ ተውኩት። የአምባውን አናት ከአምስቱ ሳጥኖች ሁለተኛው ላይ፣ ገደሉን ሦስተኛው ላይ አደረግሁት። ድቅድቁን ጥቁር ለድንጋይ ስንጥቆችና ለበሩ ብቻ ቆጠብኩ። ስጨርስ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። አናቱ ላይ፣ በጋዜጣው ሥዕል ጨለማ የዋጣቸው፣ እንደ እሾህ ብቻ ይታዩኝ የነበሩት ጫፎች የሣር ክዳን ጣራዎች ናቸው። ቤቶች! የመጀመሪያው ሥዕል ጭራቅ የሚኖርበት ግንብ ነው። ሁለተኛው ሰው የሚኖርበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልጅ የሚያለቅስበት አገር ነው። ወታደሮቹም ተለወጡ። በጨለማው ሥዕል ላይ ወደ አደጋ የሚገቡ ጀግኖች ነበሩ፤ በብሩሁ ላይ ወደ ሰው ቀዬ የሚወጡ ባለጠመንጃዎች ሆኑ።

ሐቁን ለመናገር ጨለማ ሁሉ ፈጠራ አይደለም። ከሦስት ቀን በፊት፣ ሚያዝያ 3፣ የስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ አሮጌ ላይ ውጊያው ሲካሄድ ነጎድጓድና ዝናብ ነበረ። ያንን ውጊያ በጥቁር ደመና ሥር የሚያሳይ ሥዕል ቢገጥመኝ እውነት ነው እላለሁ። ችግሩ ያው ደመና በየሄደበት መከተሉ ነው። የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ፎቶግራፍ ማንሻ ይዘው ስለመጡ የዘመቻው ፎቶግራፎች አሉን። የዚያን ዘመን የፎቶ መስተዋት ለሰማያዊ ብርሃን ከልክ በላይ ስለሚነቃ ሰማይ ሁልጊዜ ባዶ ነጭ ሆኖ ነበር የሚወጣው። ማለትም ፎቶግራፉ ስለ ደመናው ምንም አይመሰክርም። የጋዜጣ ቀራጭ ደግሞ ባዶ ሰማይ አይወድም፤ ባዶ ቦታ ያላለቀ ሥራ ይመስልበታል።

ሴራ ፍለጋ የሚወድ አንባቢ ግን እዚህ ላይ እንዳይቸኩል እለምናለሁ። ቀራጮቹ ኢትዮጵያን ለማጠልሸት ተማክረው አልተነሡም። የለመዱትን ነው የሠሩት። ኤድመንድ በርክ እ.ኤ.አ. በ1757 ባሳተመው መጽሐፉ ድብቅነትና ጨለማ አስፈሪ ነገርን ይበልጥ አስፈሪ እንደሚያደርጉት ካስተማረ ወዲህ፣ ጥቁር ቋጥኝ ከፊት፣ ብርሃን ከመሐል፣ ፈዛዛ ተራራ ከኋላ መደርደር የወርክሾፕ ልማድ ሆኖ ነበር። የራሳቸውን ድሆችም አልማሩም። ጉስታቭ ዶሬ እ.ኤ.አ. በ1872 ለወጣው የለንደን መጽሐፍ የሠራቸውን የምሥራቅ ለንደን ሠፈሮች ያየ ሰው ጨለማው ከመቅደላው እንደማያንስ ይመሰክራል። ልዩነቱ ሌላ ነው። የለንደን አንባቢ ዶሬ አጋነነ ብሎ ቢጠረጥር ኦምኒቡስ ተሳፍሮ ሄዶ ማየት ይችል ነበር። መቅደላን ግን ማን ሄዶ ያረጋግጣል? አምባው ደግሞ ሚያዝያ 10 በእሳት ጋይቷል። ሥዕሉ ብቻውን ምስክር ሆኖ ቀረ።

በዚያው ዓመት በጋ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ዋይት ደሴት ላይ የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁን ፎቶ አንሥታዋለች። እዚያም ጀርባው ጨለማ ነው። ያ ግን የእሷ የታወቀ አሠራር ነበር፤ ሎርድ ቴኒሰንንም እንደዚያው አድርጋ ነው ያነሣችው። የልጁ ፊት ላይ ያለውን ሐዘን ግን ማንም አልቀረጸበትም።

ወዳጄ በዚህ ጊዜ «የኛ ሠዓሊዎችስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአድዋን ጦርነት የሚያሳዩትን ነባር ሥዕሎች አስቡ። ሁለቱ ጦር ፊት ለፊት ተሰልፏል፣ ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ፣ የኛ ሰው በሁለት ዓይኑ፣ ጠላት በአንድ ዓይኑ ያያል። ሰዓቱ ስንት ነው ብትሉ ሥዕሉ አይመልስላችሁም፤ መሬት ላይ የወደቀ ጥላ የለም። ይህን አለማወቅ ነው የሚሉ አሉ። በበኩሌ አልቀበለውም። በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የተሣሉትን ሥዕሎች ያየ ሰው፣ ለምሳሌ ጣና ላይ በናርጋ ሥላሴ፣ ፊቶቹ ከጨለማ ወደ ብርሃን በእርከን እንደተለሰለሱ ያያል። የቃና ደረጃን ያውቁታል፤ ለፊት ይጠቀሙበታል፣ ለአየር ጠባይ ግን አይጠቀሙበትም። በዚያ ሥዕል ውስጥ ሁሉም ሰው፣ ጠላትም ጭምር፣ እኩል ብርሃን ላይ ቆሞ ይታያል። የሚፈረድበት በዓይኑ ቁጥር ነው እንጂ በጨለማ አይደለም።

እንዲያውም በቋንቋችን ጥላ ሲበዛ መልካም ነገር ነው። ጥላ ከለላ እንላለን። ጃንጥላ የክብር ምልክት ነው። የማይወደድን ሰው ጥላ ቢስ እንለዋለን፣ ጥላ የሌለው ማለት ነው። አሁን የአንድን ሥዕል መንፈስ ለመግለጽ የምንጠቀምበት ድባብ የሚለው ቃል ራሱ ከታቦትና ከንጉሥ በላይ የሚዘረጋው ትልቁ ጥላ ነው። ስም ማጥፋትን የሰጠነው ለጥላ ሳይሆን ለጥላሸት ነው። የሚገርመው፣ የእንግሊዙ የማተሚያ ቀለምም የኛ ደብተሮች ብራና ላይ የጻፉበት ቀለምም የሚሠሩት ከጥላሸት ነው።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ ነግሬ ሁለቱን የከሰል ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀመጥኩለትና አሸነፍኩ ብዬ ተደላደልኩ። እሱ ግን ብሩሁን አንሥቶ ብዙ ጊዜ አየውና፣ «አንተም ያው ቀራጭ ሆንክ፤ እነሱ አጨለሙ፣ አንተ አበራህ። ለመሆኑ ሚያዝያ 2 ቀን ቴዎድሮስ ገደል ያስወረወሯቸውን እስረኞች በዚህ ሰላማዊ አገርህ ውስጥ የት ልትከታቸው ነው?» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ሳሰላስል አድሬ በማግሥቱ ደወልኩለት። በጋዜጣው ሥዕል ላይስ የት አሉ? አልኩት። ገደሉ እዚያ ላይ አንድ ወጥ ጥቁር ነው፤ ቤቱንም ሰውንም እኩል ውጦታል። እንግሊዛዊው አንባቢ የንጉሡን ጭካኔ ከጥቁረቱ ይገምታል እንጂ አንድም የሞተ ሰው አያይም። ገደሉን ሦስተኛው ሳጥን ላይ ካደረግኸው ግን ከሥሩ የወደቀ ሰው ካለ መታየቱ አይቀርም። በእኔ ሥዕል ላይ እነሱን ያልሣልኩት ከጋዜጣው ስለገለበጥኩ ነው፤ ጋዜጣው ላይ አልነበሩማ።

ዝም አለ። ቀጥሎ፣ «እንግዲያው ሣላቸው» አለኝ።

ሦስተኛውን ጀምሬዋለሁ። ሰማዩ ነጭ ነው፣ ጣራዎቹ አሉ፣ የወታደሮቹም ሰልፍ አለ። ከገደሉ ሥር ያለውን ቦታ ግን ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለቱንም ጊዜ በዳቦ ልብ አጥፍቼዋለሁ። ወዳጄ የሽፋኑን ጉዳይ ለማተሚያ ቤቱ እስካሁን አልነገራቸውም። ጋዜጣው ከነሁለት ፀሐዩ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ ግድግዳው ላይ የቀረው ምስማሩ ብቻ ነው።